ጎማና ላስቲክ፦ የአንድ ስም ሁለት ቁራጭ

ከሰበታ ወጥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ተፍኪን ሲያልፍ ዓይኑ የሚያርፍበት ጉብታ ያጣል። ሜዳው የአዋሽ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ በአማርኛ መረሬ ይሉታል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የኢሉ ወረዳ መቀመጫ ተጂ ያለችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ባለፈው ጥር የኋላ ጎማችን ሚስማር በልቶ የቆምነው እዚያ ነበር። አንድ ጎሚስታ በር ላይ፣ በተደፋ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሥራውን ሳይ ቆየሁ።

ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን አነሣ፤ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ ሆዱን በእጁ ይዳብስ ጀመር። እኔ ደግሞ ቃል ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ የማለፍ ነገር አልሆነልኝምና የያዘውን ሁሉ ስሙን እጠይቀዋለሁ። የተፈታውን ጄሪካናችንን መልሶ ሊያስርልን ከአሮጌ የጎማ ቱቦ በቢላዋ ቀጭን ቁራጭ ቀደደና በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አደረገው።

«ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት።

«ጎማ ነዋ ጋሼ።»

ከራሳችን በላይ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረውን ሰማያዊ ጣሪያ አሳየሁት። «ይሄስ?»

«ላስቲክ።»

ቀጠለና የቱታውን ወገብ በአውራ ጣቱ ስቦ ለቀቀው፤ ጧ አለ። «ይሄም ላስቲክ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ሦስት ነገር፣ ሁለት ስም። የሚለጠጠው ቱቦ ጎማ ሆነ፤ የሚለጠጠው ወገብ ላስቲክ ሆነ፤ ስበው ቢለቁት ወደ ቦታው የማይመለሰው ጣሪያም ያው ላስቲክ ነው። ለልጁ ይህ ሁሉ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ነው። እኔን ግን መንገዱን ሙሉ ሲያሳስበኝ የዋለው ሌላ ነው፤ ጎማና ላስቲክ የሚባሉት ሁለቱ ቃላት ጥንት አንድ ስም ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ ጫካ የአንድ ዛፍ ነጭ ወተት ረግቶ ወደ አውሮፓ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1736 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሻርል ማሪ ደ ላ ኮንዳሚን ናሙናውን ወደ ፓሪስ ላከ፤ የአገሬው ሰዎች የሚጠሩበትንም ስም አብሮ አስተላለፈ፤ ዛሬ ፈረንሳዮች ካውቹክ የሚሉት ያ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከባዕድ ስም ይልቅ የሚያውቀውን ነገር ስም ይመርጣል። አውሮፓውያንም ዕቃውን ሲያዩት ከዛፍ የሚንጠባጠብ በመሆኑ ሙጫ መሰላቸው፤ ግን እንደ ሙጫ ደርቆ የሚሰበር አይደለም፣ ሲስቡት ይመጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ስለዚህ «ተለጣጭ ሙጫ» አሉት። በጣልያንኛ ጎማ ኤላስቲካ ማለት ነው።

አማርኛ ይህን ጥንድ ስም ከመካከሉ ሰንጥቆ ወሰደው ብል ብዙ አልሳሳትም። የፊተኛው ቃል በመኪና እግር ሥር ገባ፤ ጎማ ሆነ። የኋለኛው በልብስ ወገብና በገበያ ከረጢት በኩል ገባ፤ ላስቲክ ሆነ። ሁለቱ ተለያይተው ሲያድጉ ዝምድናቸው ተረሳ፤ ዛሬ አንዱን ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ ወንድማማች ናቸው የሚል የለም።

በመጀመሪያ ጎማን እንከተለው፤ የመጣበት መንገድ ከሁሉም ይረዝማል። ጣልያንኛው ጎማ ከላቲኑ ጉሚ የወጣ ነው፤ ላቲኑ ከግሪኩ ኮሚ ወሰደው፤ ግሪኩ ደግሞ ከጥንት ግብፃውያን። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ስለ ግብፅ ሲጽፍ የዓባይ ዳር ግራር የሚያነባውን ሙጫ በዚሁ ስም ያነሣል፤ ግብፃውያን ሬሳ የሚገንዙበትን በፍታ የሚያጣብቁት በሱ እንደነበር ይነግረናል። የግራር ሙጫ እስከ ዛሬ ከሱዳንና ከእኛ ቆላ የሚሰበሰብ ሸቀጥ ነው፤ በመተማ በኩልም፣ በቦረናም። እንግዲህ ቃሉ የዓባይ ሸለቆ ልጅ ነው። ከዓባይ ወርዶ አቴንስ፣ ከአቴንስ ሮም ደረሰ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተንከራትቶ ትርጉሙን ቀየረና አየር ተሞልቶ፣ እየተንከባለለ ወደ ዓባይ ምንጭ አገር ተመለሰ። ሲመለስ ማንም አላወቀውም፤ እኛ ለዛፉ እንባ ሙጫ የሚል የራሳችን ስም ነበረን።

መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የጣልያን ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፤ ጅማ ድረስ የሚወስደውን ይህን መንገድ ለመኪና የጠረጉትም በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ጣልያኖች ነበሩ። ወራሪው በ1933 ተባሮ ወጣ፤ የመፍቻው ሣጥን ከነስሙ ቀረ። ኦሮምኛውም ትግርኛውም ያንኑ ጎማ ይላሉ፤ በዚህ ቃል ላይ የአገራችን ጎሚስታዎች በየትኛውም ቋንቋ ይግባባሉ።

ቃሉ እዚህ ከገባ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። በጣልያንኛ መጀመሪያ ዕቃው (ተለጣጩ ሙጫ) ነበር፤ ቀጥሎ ከዕቃው የተሠራው የመኪና እግር በሱ ተጠራ። በእኛ ዘንድ ግን የመኪናው እግር ቀደመ። ስለዚህ በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ጉራ ፈርዳ ላይ ዛፉ ሲተከል ስሙ የጎማ ዛፍ ሆነ፤ ልጅ ለአባቱ ስም እንደማውጣት ነው። አሮጌ ጎማ ደግሞ የማይሆነው ነገር የለም። የገበሬው በረባሶ የሚቆረጠው ከሱ ነው። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ስትመሠርት መነሻዋ ያው በረባሶ ነበር፤ የአሮጌ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ከዚያ ተነሥቶ የውጭ አገር ሱቅ ገባ።

የቃል ዘመድ ፍለጋ ሲያስደስት ሰው ያስታል፤ አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ይኸው ከተጂ በስተደቡብ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ጅማን አልፎ አጋሮ ሲደርስ ጎማ የሚባል አገር ያስገባል። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው ጎማ ነው፤ የመኪና ጎማ በኢትዮጵያ ምድር ከመንከባለሉ በፊት ንጉሥና ድንበር ነበረው። ድምፁ አንድ ይሁን እንጂ ሥሩ ምንም አይገናኝም። እንዲሁ ደግሞ እንጨት የምናስርበት ልጥ ከለጠጠ የተወለደ ይመስላል፤ አይደለም፣ ከላጠ ነው፤ ከዛፍ ላይ የሚላጥ ስለሆነ። ሥርወ ቃል የሚመረምር ሰው ከጆሮው ይልቅ የነገሩን ታሪክ ማመን አለበት።

ላስቲክ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ አለው። የመጀመሪያው «ኤ» የት ሄደ? ጣልያኑ ቃሉን ሲጠራ መስተኣምር ይጨምርበታል፤ ሌላስቲኮ ይላል፤ ፈረንሳዩም ሌላስቲክ ይላል። የሰማው ጆሮ መስተኣምሩን ከስሙ ሳይለይ አብሮ ዋጠው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ላስቲክ ይላሉ፣ ፋርሶች ላስቲክ ይላሉ፤ ፋርሱ ላስቲክ ሲል የመኪና ጎማ ማለቱ ነው። እንግዲህ ቴህራን ውስጥ ላስቲክህ ተነፈሰ ቢሉህ ክሪክ ፈልግ፤ ተጂ ላይ ላስቲክህ ተቀደደ ቢሉህ ዝናብ ሊወርድብህ ነው።

በእኛ ገበያ ላስቲክ መጀመሪያ የሚሳብ ነገር ነበር፤ የሱሪ ወገብ፣ የካልሲ አፍ፣ የገንዘብ ማሰሪያ ቀለበት። ይህ ቀለበት እንኳ የልደት ቀን አለው፤ እስጢፋኖስ ፔሪ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1845 ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦበታል። ከዚያ ስሱ ፕላስቲክ መጣ። እሱም ቀጭን ነው፣ እሱም ሲስቡት ትንሽ ይሰጣል፤ ገበያው ሌላ ስም ሳይፈልግለት ላስቲክ አለው። ይህ ስያሜ አንድን ነገር በተቃራኒው ስም መጥራት መሆኑን ያስተዋለ ብዙ ሰው የለም። በሳይንስ ቋንቋ ኤላስቲክ ማለት ተስቦ የሚመለስ፣ ፕላስቲክ ማለት እንደ ጭቃ በተቀረጸበት የሚቀር ነው፤ ፕላስቲክ ራሱ የመጣው መቅረጽ ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። የፌስታልን ጆሮ ሳብ አድርጉት፤ ይረዝማል፣ ይነጣል፣ እንደረዘመ ይቀራል። ስሙ ላስቲክ ነው፤ ላስቲክነት ግን የለውም።

ስለዚህ ቃል ስጽፍ ልቤ የሚከብድበት ቦታ አለ። «ላስቲክ ወጥረው ይኖራሉ» እንላለን። ቤት ፈርሶባቸው፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው፣ ወይ ከገጠር መጥተው ኪራይ ያልቻሉ ሰዎች በአጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳር፣ በመጠለያ ጣቢያ ያንን ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነገር በእንጨት ላይ ወጥረው ልጅ ያሳድጋሉ። ላስቲክ ቤት የሚል ስም በአማርኛ ተወለደ፤ ከጎጆ፣ ከዛኒጋባ፣ ከድንኳን ተራ ገባ። ነፋስ ሲመጣ ጣሪያው ይነፋል፣ ይረግባል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰባበራል፤ በየክረምቱ አዲስ ይገዛል። የሁለቱ ቃላት መገናኘት ያስደነግጠኛል፤ አንዱ ትናንት በመርከብ የመጣ ነው፣ ሌላው ወጠረ የሚለው ከግእዝ ዘመን የወረስነው ነው፤ ተጋጥመው የድህነት ስም ሆኑ።

ሕጉ ላስቲኩን በሌላ በኩል ያውቀዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን በጠቅላላ የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። ሕጉ ምንም ቢል፣ በየበረንዳው የሚወጠረው ላስቲክ በስሙም በግብሩም አብሮን ገና ይቆያል።

አሁን ወደ ራሳችን ቃላት ልግባ፤ ወጠረና ለጠጠ። ወጠረን ስሰማ ቀስት ይታየኛል። በግእዝ ወተር የቀስት ገመድ ነው፤ ዕብራይስጡ ዬቴር፣ ዐረብኛው ወተር ይለዋል። የወተር ብዙው አውታር ነው። አማርኛ አውታርን በነጠላ ወስዶ የበገናንና የክራርን ጅማት ጠራበት፤ በገና ባለ አሥር አውታር ነው፣ አውታሩም የበግ አንጀት ነው። ዐረቦች በፖለቲካ የሚነግሠውን ነገር ተወቱር ይሉታል፤ የቀስት ገመድ መወጠር ማለት ነው። እኛም ያንኑ ውጥረት እንለዋለን። በ«ተ» እና በ«ጠ» መካከል ያለችውን ጥቂት ልዩነት የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሯት፤ ለእኔ ወጠረና ወተር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ድንኳን ይወጠራል፣ የከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ ሆድ ይወጠራል፣ ሥራ ሰውን ወጥሮ ይይዛል።

አውታር ግን ከሁሉም በላይ ረዘመ። ዛሬ የመንገድ አውታር፣ የመብራት አውታር፣ የስልክ አውታር እንላለን። ከበግ አንጀት የተነሣው ቃል ይኸው ሰበታን፣ ተፍኪን፣ ተጂን፣ አስጎሪን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አስተሳስሮ ጅማ ደረሰ። ይህን ቃል ለዚህ አገልግሎት ያዋለው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስም ነበር፤ ባዕድ ቃል ሳይበደር፣ የዳዊትን በገና ገመድ ወስዶ አገር አሰረበት።

ለጠጠ ሌላ ጠባይ አለው። ወጠረ ዳርና ዳሩን አጥብቆ መያዝ ነው፤ ለጠጠ ከልክ ማሳለፍ ነው። ቆዳ ይለጠጣል፣ ወሬ ይለጠጣል፣ ሕግም ተለጥጦ ይተረጎማል። ከልክ በላይ ባለጸጋ የሆነውን ሰው ልጥጥ ያለ ሀብታም እንለዋለን፤ ሆዱና ጎተራው ከመጠን አልፎ የሰፋ ሰው ይታየናል። ከ2003 እስከ 2007 የተካሄደው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በየስብሰባው «የተለጠጠ ዕቅድ» ሲባል ሰምተናል፤ በየዓመቱ ከ11 እስከ 14.9 በመቶ ዕድገት የሚያልም ዕቅድ ነበር። በዚያ አነጋገር መለጠጥ ምስጋና ነበር። እናቴ ግን «አትለጥጠው» ስትል ማስጠንቀቋ ነበር፤ ተለጥጦ የሚበጠስ ነገር ታውቃለችና።

እዚህ ላይ ዋናው ጉዳዬ ይመጣል። ለጠጠም ወጠረም የሚናገሩት ስለ መሳብ ነው። ስለ መመለስ የሚነግሩን የለም። ኤላስቲክ ያሰኘው ግን መመለሱ ነው! የፊዚክስ መምህር ክፍል ገብቶ «ብረት ከጎማ ይበልጥ ኤላስቲክ ነው» ሲል ተማሪው ሁሉ የሚደናገጠው ለዚህ ነው። ተማሪው በልቡ «ተለጣጭ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ጎማ ደግሞ በዓይኑ ፊት አምስት እጥፍ ይለጠጣል፣ ብረት ንቅንቅ አይልም። እኔም በተማሪነቴ ይህን ጥያቄ ተሳስቼ መልሼ ወጥቻለሁ። ነገሩን ያስተካከለልኝ ቀመር ሳይሆን ቃሉን መመርመር ነው። ሳይንሱ የሚጠይቀው «ስንት ይረዝማል?» ብሎ አይደለም፤ «ለመርዘም ስንት ኃይል ይፈልጋል? ሲለቀቅስ ምን ያህል ወደ ቀድሞው ይመለሳል?» ብሎ ነው። ብረት በዚህ መለኪያ 200 ጊጋፓስካል ያህል ሲሆን ጎማ 0.1 እንኳ መድረሱ ብርቅ ነው። ብረቱ የሚሰጠው ከመቶ አንድ እጅ ሳይሞላ ነው፤ የሰጠውን ግን አጥብቆ ያስመልሳል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ይህን የመሳብና የኃይል ዝምድና መጀመሪያ በፊደል ምስጢር ደብቆ እ.ኤ.አ. በ1676 አወጣው፤ ምስጢሩን የፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሳቡት መጠን እጥፍ ሲሆን መልሶ የሚስበውም ኃይል እጥፍ ይሆናል።

የጎማው መመለስ ሌላ ምክንያት አለው። የጎማ ሞለኪውል እንደ ተጠላለፈ ልቃቂት የተጠቀለለ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሲስቡት ልቃቂቱ ይቃናል፤ ሲለቁት የሙቀት መርበትበት መልሶ ያጠላልፈዋል። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ግን ተንሸራትተው ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጎማ በፀሐይ የሚቀልጥ፣ በብርድ የሚደርቅ ሆኖ ሰውን ያስመረረው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 በድኝ አብስሎ ሰንሰለቶቹን አሰራቸው፤ በ1844 መብቱን አስመዘገበ። የልቃቂቱንና የሙቀቱን ዝምድና ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ፤ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በፍጥነት ለጥጣችሁ ወዲያው ከንፈራችሁ ላይ አሳርፉት፤ ይሞቃል። ጆን ጎፍ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1805 የዘገበው ይህንኑ ነው።

መመለስን የሚናገር ቃል በአማርኛ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ያለው ልጆች ዘንድ ነው። ኳስ ትነጥራለች። ነጠረ ወድቆ መነሣትን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ ቅቤና ወርቅ ከሚነጠሩበት ነጠረ ጋር በድምፅ ይገናኛል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ተስፈነጠረም አለ፤ ተጨቁኖ የቆየ ነገር ሲለቀቅ የሚሆነው። ሁለት ልጃገረዶች በቁርጭምጭሚታቸው ላስቲክ ይዘው ሦስተኛዋ ሱዚ ስትዘል የምታዩት ሙሉው ትምህርት ነው፤ ላስቲኩ በእግሯ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ልጅቷ ትነጥራለች። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ለዚህ ጠባይ ስም ሲሰጡ ከመለጠጥ ጎን መንጠርን ቢያስታውሱ ስንት ተማሪ ከድንግርግር ይድን ነበር! 

አውሮፓውያንስ የተሻለ ስም አገኙ? አላገኙም። ኤላስቲክ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1651 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፔኬ በላቲን መጽሐፉ ውስጥ ሲያወጣው ስለ አየር ነበር የሚናገረው፤ ተጨምቆ ሲለቀቅ መልሶ ስለሚሰፋው አየር። ቃሉን ያወጣው መንዳትና መቀጥቀጥ ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። ግሪኮች ኤላስቶስ ሲሉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የሚሳሳውንና የሚሰፋውን ብረት ማለታቸው ነበር። በመዶሻ የሳሳ ብረት ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ ተመላሹ ነገር የማይመለሰውን ነገር ስም ተሸከመ። ከእኛው የፌስታል ላስቲክ ጋር አይለያይም፤ ያው ስሕተት ነው፣ በሌላ አቅጣጫ።

ከመኪና ዕቃዎች መካከል የመልቀቅን ነገር በስሙ የያዘ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ሞላ። የተጠማዘዘውን ሽቦ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የሚሉት ሞላሬ ከሚል የጣልያን ግሥ ነው፤ መልቀቅ፣ ማላላት ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ሞላ ከጎደለ ተቃራኒ ነው፤ የሰውም ስም ነው። ልጄ እስክሪብቶ ፈታታና ያችን ቀጭን ሽቦ አንሥታ ስሟን ጠየቀችኝ፤ ሞላ ናት ስላት «ምን ሞላት?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ፤ ኃይል ሞላት ብላት ኖሮ ከሁለቱም ቋንቋ ይሻል ነበር።

ላጲስንም አልረሳውም። ጎማ አውሮፓ እንደገባ ጥቅሙ ከተገኘለት ሥራ አንዱ የእርሳስ ጽሑፍ ማጥፋት ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1770 ይህንን ጽፎታል፤ እንግሊዞች ጎማን ራበር ያሉት ከማሸት ነው። ጣልያኖች ላፒስ የሚሉት ደግሞ እርሳሱን ነው፤ በላቲን ድንጋይ ማለት ነው። በእኛ ተማሪ ቤት ላጲስ የሆነው እርሳሱ ሳይሆን የእርሳሱ ማጥፊያ ነው። የጸሐፊው ስም ለአጥፊው ተሰጠ።

ባሌስትራ ቀረኝ። በጭነት መኪና ሆድ ሥር ተደራርቦ እንደ ቅንድብ የጎበጠውን ብረት የጋራዥ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ያውቀዋል። ባሌስትራ በጣልያንኛ መስቀለኛ ቀስት ነው፤ ከላቲኑ የድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ፣ እሱም ከግሪኩ መወርወር የመጣ ነው። እንግዲህ የእኛ ወጠረ በቀስት ገመድ ሲጀምር የእነሱ ባሌስትራ በቀስት እንጨቱ ጀመረ። ደጋን የምንለው የእኛው ጉባጣ እንጨት ግን ከጦር ሜዳ ወጥቶ ጥጥ መንደፊያ ሆነ፤ ጅማቱ በተመታ ቁጥር ጥጡ እየተፍታታ ይነሣል። ባሌስትራ ደግሞ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ተሸክሞ ከዚህ ከአዋሽ ሜዳ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል።

ከጎሚስታው ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ ሽማግሌ ከሰል አንድደው ወናፍ ያስነፋሉ። ብረቱ ቀልቶ ወጥቶ መሬት ላይ በተቀበረ ወፍራም ብረት ላይ ይመታል። ሄጄ ጎናቸው ቆምኩ። ቀጥቃጭ የሚለው ስም በአገራችን ለዘመናት ስድብ ነበር፤ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ግሪኮች ከዚሁ ሥራ ቃል አውጥተው ለሳይንስ ሰጡ።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ማጭድ።»

«ብረቱ ከምን መጣ?»

«የአይሱዙ ባሌስትራ ነው ልጄ። ከሱ የሚሻል ብረት የት አለ? ስለት ይይዛል።»

ጠርዙ ላይ የነበረችውን ጉብጠት በመዶሻ እየገፉ አቀኗት። በየምቱ ብረቱ እየሳሳ፣ እየሰፋ ሄደ፤ የተመታውንም ሁሉ እንደያዘ ቀረ። ስንት ኩንታል ተሸክሞ እየጎበጠ እየቀና የኖረ ብረት አሁን በአዲስ ቅርጹ ጸና። በመቆንጠጫ ይዘው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጮኸ።

ከማዶ ልጁ እጁን አንሥቶ ተጣራ። «ጋሼ፣ ጎማው ደርሷል!»